ምንጩን ከፍ ያደረግን ጊዜ

“አንተ ሐኪም አይደለህም። ሐኪም የታመመ ሰው ያድናል፤ አንተ ግን ጤነኛ ሰው ታደክማለህ።”

ይህን ፊት ለፊት የተናገሩኝ አዴ ሎኮ ናቸው፤ ከወናጎ በላይ ባለች አንዲት መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት። “አንተ” ያሉኝ ወንድ መስዬአቸው አይደለም። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም፣ በቅሎውንም ገዥውንም በአንድ “አንተ” ነው የሚያስተናግዱት። እኔ ደግሞ ሲነኩኝ ዝም ማለት አላውቅበትም።

“አዴ፣ ታመው ከማገኝዎ ደክመው ባገኝዎ ይሻለኛል” አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ከዚያ ዶማውን ከእጄ ቀሙና አያያዙን አሳዩኝ።

አሁን አዋሳ ነኝ። በአንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ታይፕ እመታለሁ። ወንበሩ ይመቻል፤ ጫማዬን ጭቃ አይነካውም፤ ቀኑ ከቀን አይለይም። “በፊት ምን ነበር ሥራሽ?” ሲሉኝ “ሰው እንዳይታመም አደርግ ነበር” እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። በዚህ ዕድሜዬ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ የሽማግሌ ጋቢ እንደ መልበስ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ጉም በመስኮት ሲገባ ጣቶቼ ታይፑ ላይ ይቆማሉ። ያ አገር ይመጣብኛል። በተራ አይመጣም፤ አንዴ የእንሰት ቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ሆኖ፣ አንዴ የአንድ ሰው ሳቅ ሆኖ፣ አንዴ ደግሞ በበቅሎ ላይ እያንቀላፋሁ ያለፍኩት ስሙን የረሳሁት ገደል ሆኖ። እኔ ነኝ እንግዲህ በግድ ተራ የማስይዘው።

የተወለድኩት ዲላ ነው። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጌዴኦኛ የለመድኩት በሱቁ ደጃፍ ቁራጭ ጨርቅ ስለቃቅም ነው። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ የሚጠብቁኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አስተማሪነትና ባል። ሁለቱም ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መሰለኝ። የዲላ ጤና ጣቢያ የተማሩ ሴት ልጆችን ለጤና ረዳትነት ይፈልጋል ሲባል ማንንም ሳላማክር ሄድኩ። ይርጋለም ወስደው ለጥቂት ወራት አሠለጠኑንና ነጭ ጋዋን ሰጡን። ደመወዙ ለጋዋኑ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም።

መጀመሪያ ዲላ ውስጥ ሕፃናት መመዘን ነበር ሥራዬ። አለቃዬ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሰላም የማይሉ ነርስ ነበሩ፤ ሕፃናቱ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ “ይሄ ይኖራል፣ ይሄ ይኖራል” እያሉ በለሆሳስ ይመርቋቸው ነበር። እኔ ግን አራቱ ግድግዳ አፈነኝ። ሲሰለቹኝ ቡሌ ላኩኝ።

ቡሌ ደጋ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ የሰው ድምፅ ከመልኩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰላምታ ተለዋውጠህ ጨርሰህ ነው ከማን ጋር እንደ ነበርክ የምታውቀው። የታዘዝኩት በየቤቱ እየዞርኩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። እንደተማርኩት አስተማርኩ፤ ከሰው ቁመት ይለፍ፣ ግድግዳው ቀጥ ይበል፣ ጎርፍ እንዳይገባበት አፉ ከፍ ይበል። ሰዉ እሺ አለኝ። ቆይቼ ስመለስ በየጓሮው የሚያስደንቅ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ አፉ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። ደስ ብሎኝ አንዱን ቅጠል ገለጥ አደረግሁ። የቆጮ ሽታ ፊቴን መታኝ።

“እንዲህ ያለ ጉድጓድ አይተን አናውቅም” አለችኝ የቤቱ እመቤት፣ በኩራት። “ለዚያ ነገር ማድረግ ነውር ነው። ቆጮ ቀበርንበት።”

በዚያ ቀን ከጉሙ በላይ ጮኽኩ። በኋላ ወደ ወናጎ ተዛውሬ ከጋሼ ዘውዴ ጋር ስመደብ ይህንኑ በምሬት አወራኋቸው። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉና፣

“ቆጮው ጣፈጠ?” አሉኝ።

“እኔ እንጃ።”

“አልቀመስሽም? እንግዲያው ምን ልታስተምሪያቸው ነው?”

ጋሼ ዘውዴ ጎንደር የተማሩ ሳኒተሪያን ነበሩ፤ በሽታ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በውሃውና በጉድጓዱ በኩል መንገዱን የሚዘጉ የጤና ባለሙያ ማለት ነው። ቀጭን ናቸው፤ ባርኔጣቸው ከትከሻቸው ይሰፋል። ባላገሩ “የውሃው ሰውዬ” ነበር የሚላቸው። ምንጭ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። እኔ ስቁነጠነጥ፣ ድንጋይ ስወረውር፣ “ተቀመጪ ብርቄ፤ እያወራ እኮ ነው” ይሉኛል። ምን እንደሚያወራ ለብዙ ጊዜ አልሰማሁም። በመሐረብ የተጠቀለለች አንዲት ብርጭቆ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ውሃውን ቀድተው ወደ ሰማይ ያነሷታል፤ ግማሹን ቀይ አፈር ላይ ያፈሱና አፈሩን ያሸቱታል። “ጠዋት ማን ቀድሞ ይመጣል? ከብት ከየት ይወርዳል? ዝናብ ሲዘንብ ይደፈርሳል ወይ?” ብለው ሴቶቹን ሳይጠይቁ ግን ጠብታ አይቀምሱም። ስለ ጥፍሬ አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም፤ ዝም ብለው ያዩታል። እኔም ማታ እቆርጠዋለሁ።

ሌላው ልማዳቸው እንቅልፍ ነበር። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ከምንጩ አጠገብ ዛፍ ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ይተኛሉ። ሲነቁ የሚያደርጉትን አውቀው ይነቃሉ። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን ታይፑ ፊት ሳስበው፣ እንደዚያ ባለ እንቅልፍ ውስጥ አብሬ የኖርኩ ይመስለኛል፤ ብርብራው አበባውን ሲያራግፍ፣ ንብ ስታንጎራጉር፣ እሳቸው ባርኔጣቸው ሥር ሲተነፍሱ።

ምንጭ የሚገነባው በጋው ሲያልቅ ነው፣ ውሃው ከሁሉም ጊዜ ሲደክም። ያን ጊዜ የማይጠፋው የምንጭ ዓይን እውነተኛው ዓይን ነው። ረግረጉን ጠርገሽ ወደ ዳገቱ ወደ ኋላ ትቆፍሪያለሽ፤ መጀመሪያ በዶማ፣ ስትቀርቢው በእጅ ብቻ፣ ውሃው ከዓለቱ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ እስክታዪው። ፊቱ ላይ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ። ዙሪያው በሸክላ አፈር ይረገጣል፤ ፊቱ በሲሚንቶ ይገነባና ቧንቧ ይወጣለታል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ከዙሪያው ከብት የማያልፈው አጥር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጋሼ ዘውዴ ውሃ ልካቸውን ዘርግተው፣ ውሃው በተፈጥሮው የሚወጣበትን ከፍታ ዓለቱ ላይ በመሮ ይቀርጹታል።

“ቧንቧው ከዚህ ምልክት በላይ አይወጣም” ይሉኝ ነበር። “ምንጭ በለመደው በር ነው የሚመጣው። በሩን ከፍ ካደረግሽበት ሌላ በር ይፈልጋል። የት እንደሚያገኝ ደግሞ አይነግርሽም።”

የአዴ ሎኮን መንደር ምንጭ ለመሥራት መጀመሪያ ሶንጎ ቀረብን። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው፤ ሣሩ ላይ ስትቆሚ ድምፅሽ በራሱ ዝቅ ይላል። የእኔ አልል አለ እንጂ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሀይቻ በራሶ ይባላሉ። ጋሼ ዘውዴ ንጹሕ ውሃ ዕድሜ እንደሚያረዝም ረጋ ብለው ሲያስረዱ ሰምተው ሰምተው፣

“ለእኔ ስንት ዓመት ይጨምርልኛል?” አሏቸው።

ጋሼ ዘውዴ አሳላቸው። እኔ ቀደምኩ። “ለእርስዎ አላውቅም። ግን ልጆችዎ ይቀብሩዎታል እንጂ እርስዎ ልጆችዎን አይቀብሩም።”

ጋሼ ዘውዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሀይቻ በራሶ ልጆች መቅበራቸውን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፤ እንትፍ አሉበት፤ ወደ እኔ በተኑት።

“ይሄ ልጅ አፉ መራራ ነው” አሉ። “ነገሩ ግን ምርቃት ነው። ቆፍሩ።”

ቆፈርን። መንደሩ ሁሉ ድንጋይ ተሸከመ። አዴ ሎኮም በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ሥራችንን ይነቅፋሉ፣ የተጠበሰ በቆሎ ያካፍሉናል፣ እንደገና ይነቅፋሉ። ግንቡ ከጉልበት ሲያልፍ አንድ ቀን ጋሼ ዘውዴ ፊት መጥተው ቆሙ።

በዚያ አገር ሴት እንስራውን በጀርባዋ ነው የምትሸከመው፣ በገመድ ደረቷ ላይ አስራ። የሞላ እንስራ ከመሬት ብቻን አይነሳም፤ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። ሌሎቹ ሴቶች ተሰብስበው በጠዋት ይመጣሉ፣ እርስ በርስ ይሸካከማሉ፣ ይሄዳሉ። አዴ ሎኮ እግራቸው ስለሚያዘግም ከሁሉም ኋላ ይደርሳሉ። ከዚያ የሞላ እንስራቸውን ፊታቸው አስቀምጠው መንገደኛ ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ፀሐይ ዞራ እስክትሄድ።

“ጌታዬ ዘውዴ” አሉ፣ “ያ ቧንቧ እስከ ወገቤ ቢሆን፣ እንስራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እሞላዋለሁ። ዞር ብዬ አዝለዋለሁ። እሄዳለሁ። ሰው አልለምንም።”

ጋሼ ዘውዴ ወዲያው መልሱን ያውቁት ነበር፤ ቧንቧውን ማንሳት ሳይሆን መቆሚያውን ዝቅ ማድረግ። ቆፋሪዎቹ ግንቡ ፊት ዶማቸውን ሲያሳርፉ ግን ከሥር ዓለት መለሰላቸው። እሱን ለመስበር ብዙ ቀን ይፈልጋል። የወረዳው ገዥ ምንጩን ለመመረቅ የሚመጡበት ቀን ደግሞ ተቆርጧል፤ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ በየቀኑ “ደረሰ ወይ?” እያለ ሰው ይልክብናል። ጋሼ ዘውዴ ብርብራው ሥር ሄደው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ሲነቁ፣

“አንድ ክንድ እናንሳው” አሉ።

“ምልክቱስ?”

“ለጊዜው ይችለዋል። በኋላ ዓለቱን እንሰብርና ወደ ቦታው እንመልሰዋለን።”

“ሌላ በር ይፈልጋል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?”

“አፍሽን ዝጊና ሲሚንቶውን አቀብዪ” አሉኝ። ተቆጥተውኝ የሚያውቁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምልክቱ ከግንቡ ጀርባ ሲሸፈን ወደዚያ አልተመለከቱም።

የምርቃቱ ቀን ቡናው አብቦ ነበር። ቁልቁለቱ ሁሉ ነጭ፣ ሽታው ከላይ የሚወርድ እንጂ ከዛፍ የሚወጣ አይመስልም። ገዥው ሪባን ቆረጡ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጡ፣ “የጃንሆይ መንግሥት ለሕዝቡ ጤና” እያሉ ብዙ ተናገሩ። እኔ አልሰማኋቸውም፤ አዴ ሎኮን እያየሁ ነበር። እንስራቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። ሞላ። ጀርባቸውን ሰጡት፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አሰሩ፣ ቀና አሉ። ማንንም ሳይጠሩ፣ ወደ ኋላም ሳያዩ በነጩ አበባ መካከል ወደ ቤታቸው ወጡ። ጋሼ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ቀሩ። ብዙ ቀን ያ መንገድ በሕልሜ ይመጣል፤ እሳቸው እየወጡ፣ አበባው እየረገፈ፣ እንስራው ጠብታ ሳይጥል።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ዝናብ ሲመጣ ምንጭ ይጎለብታል፤ የእኛ ግን ቀጠነ። መጀመሪያ እንደ ጣት፣ ቆይቶ እንደ ክር። “ሰማይ እየዘነበ ምንጭ ይደርቃል?” ይሉኝ ነበር ሴቶቹ፣ እኔ እንደ ደበቅሁት ሁሉ። ጋሼ ዘውዴ ግንቡ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ በዝናቡ ጉልበት ሲያገኝ አንድ ክንድ ወጥቶ በቧንቧው ከመውረድ ይልቅ በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ጎን መሄድን መርጧል። የት እንደ ወጣ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ከጉብታው ማዶ በአንድ ባለመሬት ግራዝማች የቡና መሬት መሐል አዲስ ምንጭ ፈልቋል ተባለ።

የግራዝማችን ስም አልጠራም። ያ መንደር ግማሹ የእሳቸው ጭሰኛ ነበር፤ የአዴ ሎኮ ጎጆም የቆመችው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊለምኑ ሲሄዱ፣ “እኔ ጠራሁት? ራሱ መጣ። በመሬቴ የወጣ የእኔ ነው” አሏቸው። ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት፣ ዘበኛ አቆሙበት። ቡናቸውን ያለ ዋጋ ለሚለቅም ቤተሰብ ውሃ ይፈቀዳል። ሌላው ወንዝ ይውረድ። አዴ ሎኮ መልቀም አይችሉም። ወንዝ ወረዱ።

ወንዙ ከላይ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ የዲላው ጤና ጣቢያችን አግዳሚ ወንበሮች በዚያ መንደር ሰዎች ተሞሉ። ሆዱን የያዘ፣ ልጅ ያዘለ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ከወናጎ ወደ ዲላ በጭነት መኪና ስንወርድ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ምንጩን ስንሠራ ጠጠር በቅጠል እየቋጠረች የምታመጣልን ናት። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ እናቲቱ ዝቅ ብላ አየቻትና “ተኝታለች” አለችኝ። እኔም አየኋት። “ተኝታለች” አልኩ። ዲላ እስክንደርስ በዚያ ቃል ተቀመጥን።

ጋሼ ዘውዴ የልጅቷን ሞት ሲሰሙ ለብቻቸው ወደ ሶንጎ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ቆሙ። “ምንጩ አልከዳችሁም” አሉ። “ቧንቧውን ከልኩ በላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው።”

እንደ እኔ ያለች የመንግሥት እንግዳ ካልሆነች ሴት ሶንጎ ውስጥ ገብታ አትናገርም። አዴ ሎኮ ግን ከዛፎቹ ዳር ሆነው ጮኹ። “እኔ ነኝ አንሳው ያልኩት! እሱን ተው! ሸክሙ የኔ ነው!”

ሀይቻ በራሶ በትራቸውን አነሱ። “ሁለታችሁም ዝም በሉ” አሉ። “ለሰው ወገብ ያዘነ ሰው አይቀጣም። ግን ውሃው ከቤቱ ወጥቷል። ወደ ቤቱ መልሱት።”

መመለስ ይቻል ነበር። ግንቡን ከሥሩ፣ ከድሮው ልክ ላይ መብሳት ብቻ ነው፤ ውሃው ዝቅተኛ በር ሲያገኝ ወደዚያ ይመለሳል። ላይመለስም ይችላል። ጋሼ ዘውዴ ኃላፊያችን ዘንድ ገብተው ፈቃድ ሲለምኑ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

“ገዥው ሪባን የቆረጡበትን ግንብ ልታፈርስ?” አለ ኃላፊው።

“ግንቡ ደረቅ ነው እኮ።”

“ቆሟል። እኛን የሚጠይቁን ግንብ ቆመ ወይ ብለው ነው።”

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ዘውዴ ወደ ነገሌ መዛወራቸውን ሰማን። ውሃ ወደሌለበት አገር። ሲሄዱ ዕቃቸው አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበረች። ላንድሮቨሩ ላይ ከወጡ በኋላ ጠሩኝ።

“ብርቄ፣ አንቺ እንዳትነኪው። እንጀራሽ ነው።”

“እሺ” አልኳቸው።

በማግሥቱ ከመጋዘን መዶሻና መሮ አውጥቼ ወደ መንደሩ ወጣሁ።

ሴቶቹ ሲያዩኝ ዶማና ዲጂኖ ይዘው ተከተሉኝ። ምንጩ ዘንድ ስንደርስ ሀይቻ በራሶና ሽማግሌዎቹ ቀድመውን መጥተዋል። ፊታቸውን ወደ ሸለቆው፣ ጀርባቸውን ወደ ግንቡ አዙረው በተርታ ተቀምጠዋል።

“ምን እያደረጉ ነው?” አልኩ።

“ሶንጎ ላይ የሚዋሽ ሽማግሌ ዳግመኛ አይቀመጥም” አሉኝ ሀይቻ በራሶ ዞር ሳይሉ። “ነገ ይጠይቁናል። ስለዚህ አናይም።”

መምታት ጀመርኩ። ሲሚንቶው ጠንካራ ነበር፤ ጋሼ ዘውዴ ራሳቸው ያቦኩት። እጄ ሲዝል አንዷ ተቀበለችኝ፣ እሷ ሲደክማት ሌላዋ። አንድ ጊዜ መሮው ሲያዳልጠኝ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። “እኔ ምንም አላየሁም! ግን ወደ ግራ ምታው!” ሴቶቹ ተሳሳቁ። ወደ ግራ መታሁ። ግንቡ ተበሳ፣ ድንጋይ ተንሸራተተ፣ ጥቁር ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ዓለቱን ዳበስኩ። የተቀረጸው ምልክት ጣቴ ሥር ገባ። ቀዳዳው በልኩ ነው። ውሃ ግን የለም።

አዴ ሎኮ ጆሯቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። “ቁጭ በል” አሉኝ። እኔ ልቀመጥ? ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። ጉም ከላይ ወረደ፤ እንሰቱን፣ ሴቶቹን፣ ጀርባቸውን የሰጡንን ሽማግሌዎች አንድ አንድ እያለ ወሰዳቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው አንቀላፉ። የቅጠሉ ጠብታ፣ የሩቅ ከብት ድምፅ፣ የአንድ ሽማግሌ ሳል። ጋሼ ዘውዴ ከጉሙ ውስጥ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲመጡ አየሁ፤ “እያወራ እኮ ነው” አሉኝ፤ ምን እንደሚል ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። እግሬ ሲረጥብ ነቃሁ።

መጀመሪያ ውሃው ድፍርስ ነበር። አመሻሹ ላይ ጠራ። እንደ ድሮው አልነበረም፣ ቀጠን ብሎ ነበር፤ ግን አልተቋረጠም። ሀይቻ በራሶ አሁንም ጀርባቸውን ሰጥተውን “ምን ተሰማ?” አሉ። “ውሃ” አሏቸው ሴቶቹ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

በተከታዮቹ ቀናት ሴቶቹ መቆሚያውን ተያያዙት። ዓለቱ ላይ እሳት አንድደው ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ደፉበት፤ ተሰነጠቀ፤ በዲጂኖ ፈነቀሉት። እንደገና እሳት፣ እንደገና ውሃ። ቧንቧውን ከድሮው ልክ ላይ ተከልኩት። መቆሚያው ከሥሩ ዝቅ ብሎ ሲያልቅ አዴ ሎኮ ወረዱ፣ እንስራቸውን አስቀመጡ፣ ሞሉ፣ ዞሩ፣ አዘሉ፣ ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ “መንገድ ልቀቅ” አሉኝ።

የግራዝማች ምንጭ በዚያው ሰሞን ደረቀ። ከሰሱ። ኃላፊው ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ሁሉም አንድ በአንድ ምለው “አላየንም” አሉ፤ እውነትም አላዩም። ከዚያ እኔን ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

“ገዥው የመረቁት ምንጭ ደርቆ ነበር መባሉን መስማት አይፈልጉም” አለኝ። “አሁን ይፈስሳል፤ ይፍሰስ። ግራዝማች ግን ሰው ይፈልጋሉ። ሴቶቹ ናቸው በይ። ባላገር ነው፣ ሳያውቅ ነው እንላለን።”

“ከዚያስ ሴቶቹ ምን ይሆናሉ?”

“እሱን ግራዝማች ያውቃሉ።”

“አዴ ሎኮ ቤታቸው በማን መሬት ላይ ነው?”

“የመሬት ነገር እኔን አይመለከተኝም፤ እኔ የጤና ሰው ነኝ።”

“እኔም ነኝ” አልኩት። “ያፈረስኩት እኔ ነኝ። መዶሻውንም ከመጋዘን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ተኝተው ነበር።”

የሚያዝን መሰለኝ፤ ምናልባትም አዝኖ ይሆናል።

“ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል” አለ።

“ጋዋኑን ላጥበው ወይስ እንዲሁ ልመልሰው?”

“እንዲሁ።”

አውልቄ ወንበሩ ላይ አደረግሁት። ደጅ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በበሽተኛ ሞልተው ነበር። ለአዴ ሎኮ መልእክት የሚያደርስልኝ ሰው ፈለግሁ። “ከዚያ መንደር የመጣ አለ?” እያልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ከወናጎ የመጣ ነበር። ከዲላ ዙሪያ የመጣ ነበር። ከቡሌ በቃሬዛ የወረደ ሽማግሌ ነበር። ከዚያ መንደር ግን የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና ጠየቅሁ። ማንም አልነበረም።

ቦርሳዬን አነሳሁና በበሩ ወጣሁ።